ስምንት ቅጠል በአንድ እንክብል፦ የፒሲ-ስፔስ ጉዳይ

ክረምት ነበር። አንድ አባት ጃንጥላቸውን በር ላይ አራግፈው ወደምሠራበት ፋርማሲ ገቡ። ወረፋው እስኪቃለል ጥግ ይዘው ቆሙ። ተራቸው ሲደርስ ከኮታቸው የውስጥ ኪስ በሶፍት የተጠቀለለ ነጭ ጠርሙስ አውጥተው ባንኮኒው ላይ አስቀመጡ።

«ልጄ፣ እስቲ ይቺን እዪልኝ።»

የላከችላቸው ሜሪላንድ ያለችው ልጃቸው ናት። ጠርሙሱ ላይ የቅጠል ሥዕል አለ። «ለፕሮስቴት ጤና» የሚል ጽሑፍ አለ። ሥሩ በደቃቁ የተጻፈ የዕፅዋት ዝርዝር አለ። እሳቸው የፕሮስቴት ካንሰር ታማሚ ናቸው፤ በየሦስት ወሩ ሆዳቸው ላይ መርፌ ይወጋሉ።

«ከመርፌዬ ጋር ይጣላል እንዴ?»

«ለሐኪምዎ አሳይተዋል ጋሼ?»

«ኧረ ምን ብዬ! ይቆጣኛል። ደግሞ ቅጠል ነው እኮ።»

ቅጠል ነው እኮ። ይቺን ቃል በሳምንት ስንት ጊዜ እንደምሰማት አልቆጠርኩም። ጥቁር አዝሙድ ነው እኮ፣ ሽፈራው ነው እኮ፣ ማር ነው እኮ። ብዙ ጊዜ ፈገግ ብዬ አልፋለሁ። የዚያን ቀን ግን ዝርዝሩ ውስጥ «ሶ ፓልሜቶ» የሚል ስም አየሁና አንድ የቆየ ጉዳይ ትዝ አለኝ። ሶ ፓልሜቶ አሜሪካ የሚበቅል አጭር ዘንባባ ነው፤ ለወንዶች በሚሸጥ ቅጠላ ቅጠል ሁሉ ውስጥ ፍሬው አይጠፋም። ጉዳዩ ደግሞ ካሊፎርኒያ ውስጥ የተሠራ የአንድ እንክብል ታሪክ ነው። ስሙ ፒሲ-ስፔስ ይባላል።

ለካንሰር ታማሚ ከሐኪሙ ሕክምና ጎን ስለሚሰጡ ነገሮች ማስረጃ ሲነሳ፣ ይኼን ያህል የሚያስተምር ጉዳይ አላውቅም። ምክንያቱም ይኼ እንክብል አልሠራም ተብሎ አይደለም ጉድ የሆነው። ሠርቷል። በደንብ ነው የሠራው። ጣጣው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር እጽፋለሁ።)

ስሙ ተስፋ

«ፒሲ» የፕሮስቴት ካንሰር የእንግሊዝኛ ምህጻረ ቃል ነው። «ስፔስ» ደግሞ በላቲን ተስፋ ማለት ነው። ስም አወጣጡ ላይ ሰዎቹን ማማት አይቻልም። ብሪያ በምትባል የካሊፎርኒያ ከተማ የነበረ ቦታኒክላብ የተሰኘ ድርጅት ከ1996 መጨረሻ ጀምሮ ይሸጠው ነበር።

ውስጡ ስምንት ዕፅዋት አሉ ተባለ። ሰባቱ በቻይና ባህላዊ ሕክምና የሚታወቁ ናቸው፦ የሊኮሪስ ሥር፣ የጂንሰንግ ዘመድ የሆነ ሥር፣ የክሪሳንተመም አበባ፣ ሬይሺ የሚባል እንጉዳይ፣ ሌሎችም። ስምንተኛው ያ የአሜሪካ ዘንባባ ነው።

የሐኪም ማዘዣ አያስፈልገውም። አሜሪካ በ1994 ያወጣችው ሕግ እንዲህ ዓይነቱን ምርት ከመድኃኒት ሳይሆን ከምግብ ማሟያ ይመድበዋል። የምግብ ማሟያ ከሆነ ሻጩ ገበያ ከማውጣቱ በፊት «ይሠራል፣ አይጎዳም» ብሎ ለመንግሥት ማስረጃ የማቅረብ ግዴታ የለበትም። ችግር ካለ መንግሥት ከኋላ ደርሶ ያረጋግጥ ነው ነገሩ። ገንዘብ ከተበላ በኋላ ደረሰኝ እንደመጠየቅ በሉት።

ገዢዎቹ ሞኞች አልነበሩም፤ ይኼ ይሰመርበት። የተማሩ፣ የሚያነቡ፣ በሽታቸውን ጠንቅቀው የሚያውቁ ወንዶች ነበሩ። የፕሮስቴት ካንሰር ደግሞ ለታማሚው አንድ ቁጥር ይሰጠዋል። ፒኤስኤ ይባላል። ፕሮስቴት የሚያመነጨው ፕሮቲን ነው፤ በደም ምርመራ ይለካል። ካንሰሩ ሲያድግ ብዙውን ጊዜ ቁጥሩ ይወጣል፣ ሲመታ ይወርዳል። ወንዶቹ ሲገናኙ ቁጥራቸውን እንደ ኳስ ውጤት ይለዋወጣሉ። ፒሲ-ስፔስ የጀመረ ሰው ቁጥሩ ሲያሽቆለቁል ታዲያ ወሬው እንዴት አይዛመት?

ከዚህ ላይ ፍርሃቱን ጨምሩበት። የተለመደው የሆርሞን ሕክምና የወንድነት ሆርሞን የሆነውን ቴስቶስትሮንን ያጠፋል። ሰውነት በድንገት ይግላል፣ ያልባል፣ የወሲብ ፍላጎት ይሞታል፣ አጥንት ይሳሳል። ይኼን ሁሉ ትቶ በእንክብል ቅጠል ቁጥሩን ማውረድ ከተቻለ ማን ይጠላል? እኔም ብሆን ይፈትነኝ ነበር።

ሳይንቲስቶቹ መረመሩት

ብዙ ጊዜ «ሐኪሞች ለቅጠል ንቀት አላቸው፣ አይመረምሩትም» ይባላል። እዚህ ግን እንደዚያ አልሆነም። ኒው ጀርሲ የካንሰር ተቋም ያሉ ተመራማሪዎች እንክብሉን ተቀብለው ፈተሹት፤ ውጤቱን በሴፕቴምበር 1998 በኒው ኢንግላንድ የሕክምና መጽሔት ላይ አወጡ። በሕክምናው ዓለም ከዚያ የሚበልጥ አደባባይ የለም።

ጥናቱ ትንሽ ነበር፤ ስምንት ታማሚዎች ናቸው። የስምንቱም ፒኤስኤ ወረደ። ቴስቶስትሮናቸው የተለካላቸው ስድስቱም ሆርሞናቸው ቀነሰ። ግን ደግሞ ስምንቱም ጡታቸው አካባቢ ሕመም ተሰማቸው። ስምንቱም የወሲብ ፍላጎታቸው ጠፋ። አንዱ የደም ሥሩ ውስጥ ደም ረጋበት።

እስቲ እዚህ ላይ ቆም እንበል። የጡት ሕመም፣ የፍላጎት መጥፋት፣ የደም መርጋት። ይኼን ሦስት ነገር አንድ ላይ ያየ የፋርማሲ ሰው በአእምሮው የሚመጣለት አንድ ቃል ነው፦ ኤስትሮጅን፣ የሴት ሆርሞን።

ኤስትሮጅን ለፕሮስቴት ካንሰር አዲስ ነገር አይደለም። ቻርልስ ሀጊንስ የሚባል የቺካጎ ሐኪም በ1941 አንድ ትልቅ ነገር አሳየ። የፕሮስቴት ካንሰር የሚበላው ቴስቶስትሮን ነው፤ ምግቡን ከነሱት ይደክማል። ምግቡን መንሳት የሚቻለው ደግሞ ቆለጥን በቀዶ ጥገና በማውጣት ወይም ኤስትሮጅን በመስጠት ነው። ኤስትሮጅን ደም ውስጥ ሲበዛ አንጎል ሥር ያለው ዕጢ ለቆለጥ «አምርት» የሚለውን መልእክት መላክ ያቆማል፤ ቴስቶስትሮን ይደርቃል። ሀጊንስ በዚህ ሥራ በ1966 የኖቤል ሽልማት ወሰደ።

የተሰጠው ኤስትሮጅን ደግሞ በፋብሪካ የሚሠራ ርካሽ ኬሚካል ነበር፤ በምህጻር ዲኢኤስ ይባላል። ለዓመታት የፕሮስቴት ካንሰር ዋና መድኃኒት ሆኖ አገለገለ። በኋላ ላይ ግን በቀን 5 ሚሊግራም ከወሰዱ ወንዶች መካከል ከካንሰሩ ቢተርፉም በልብና በደም ሥር ችግር የሚሞቱት እንደሚበዙ ታየ። ደም ያረጋል። ሌላ መድኃኒት ሲመጣ ዲኢኤስ ወደ ጥግ ተገፋ። (በእርግዝና ጊዜ የወሰዱት እናቶች ሴት ልጆች ላይ ያደረሰው ጉዳት ራሱን የቻለ ሌላ መራር ታሪክ ነው።)

የኒው ጀርሲዎቹ ይኼን ሁሉ ያውቃሉ። ጠርጥረዋልም። እንክብሉን የኤስትሮጅን መቀበያ በተተከለበት እርሾ ላይ ሞከሩት፤ እርሾው ኤስትሮጅን እንዳገኘ ሆኖ መለሰ። እንቁልጢያቸው ለወጣ አይጦች ሰጡ፤ ማህፀናቸው ከበደ። ቀጥለው በኬሚካል መለያ መሣሪያ ዲኢኤስ ይኖርበት እንደሆን ፈለጉ። ያገኙት መልስ፦ ውስጡ ኤስትሮጅን መሰል ነገር አለ፣ ግን ከዲኢኤስ የተለየ ነው።

ስለዚህ ዓለም የተረዳው እንዲህ ነው፦ እነዚህ ስምንት ዕፅዋት ተደባልቀው የተፈጥሮ ኤስትሮጅን ይሠራሉ። ተመራማሪዎቹ ራሳቸው አስጠንቅቀዋል፤ እንክብሉ ጉዳት ሊያመጣ ይችላል፣ የሌላውን ሕክምና ውጤትም ያምታታል ብለዋል። ገዢው ግን የሰማው «ስምንቱም ወረደላቸው» የሚለውን ነው።

ከዚያ በ2000 የሳን ፍራንሲስኮዎቹ መጡ። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች 70 ወንዶችን በቀን ዘጠኝ እንክብል እየሰጡ ተከታተሉ። ገና የሆርሞን ሕክምና የሚሠራላቸው ታማሚዎች ላይ ፒኤስኤው በሁሉም 80 በመቶና ከዚያ በላይ ወረደ። በሁሉም! የሆርሞን ሕክምና አልበግር ባላቸው ደግሞ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ቁጥራቸው ቢያንስ በግማሽ ቀነሰ። ሦስት ሰዎች ደም ረግቶባቸዋል።

በሙያዬ አንድ ነገር ተምሬአለሁ። መድኃኒት መቶ በመቶ ሲሠራ መደሰት ብቻ ሳይሆን መጠርጠርም ያስፈልጋል። ቆለጡ እንደወጣ ሰው ቴስቶስትሮኑ ድርቅ የሚልበት ቅጠል፣ የሻይ ዓይነት ቅጠል አይደለም።

ደም የማይቆምለት ሰው

በ2001 መገባደጃ ላይ ያው የኒው ኢንግላንድ መጽሔት አንዲት አጭር ደብዳቤ አወጣ። ፒሲ-ስፔስ የሚወስድ አንድ ታማሚ የመድማት ችግር ገጠመው። ደሙ መርጋት አልችል አለ።

ይኼ ግራ ያጋባል። እስከዚያ ድረስ የሚታወቀው እንክብሉ ደም እንደሚያረጋ ነው። አሁን ደግሞ ደም ያቀጥናል? አንድ ነገር እንዴት ሁለቱንም ያደርጋል?

መልሱ በፌብሩዋሪ 2002 መጣ። የካሊፎርኒያ ግዛት የጤና መሥሪያ ቤት እንክብሉን ሲመረምር ዋርፋሪን አገኘበት። ዋርፋሪን የልብ ቫልቭ ችግር ያለበት ሰው በቤቱ ያለ ሁሉ የሚያውቀው የደም ማቅጠኛ ነው። ያለ ሐኪም ክትትል አይሰጥም፤ ደም እየተለካ ነው መጠኑ የሚስተካከለው። የድርጅቱ ሌላ ምርት የሆነው ስፔስ ውስጥ ደግሞ አልፕራዞላም ተገኘ፤ የጭንቀት ማስታገሻ ነው፣ ያለማዘዣ አይሸጥም። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ወዲያው «አትውሰዱ» አለ። ድርጅቱ ምርቱን ከገበያ ሰበሰበ። በዚያው ዓመት ጁን ላይ ጨርሶ ተዘጋ።

ትልቁ ነገር ግን በሴፕቴምበር 2002 ነው የወጣው። ተመራማሪዎች ከ1996 እስከ 2001 በተለያየ ጊዜ የተመረቱ ባቾችን በተርታ አስቀምጠው ለኩ። «ባች» ስል በአንድ ጊዜ ተደባልቆ የወጣ ምርት ማለቴ ነው፤ እያንዳንዱ የራሱ ቁጥር አለው። የተገኘው ይኼ ነው።

ከ1996 እስከ 1999 አጋማሽ የተመረቱት ውስጥ በአንድ ግራም ዱቄት ከ107 እስከ 159 ማይክሮግራም (የሚሊግራም አንድ ሺኛ) ዲኢኤስ አለ። አዎ፣ ያ የድሮው የፋብሪካ ኤስትሮጅን። ኢንዶሜታሲንም አለ፤ የሕመምና የቁርጥማት ማስታገሻ ነው፣ በግራም ከ1 እስከ 13 ሚሊግራም ገደማ። ከጁላይ 1998 በኋላ በተመረቱት ደግሞ ዋርፋሪን ይመጣል፤ በግራም ከ341 እስከ 560 ማይክሮግራም። ከ1999 የፈረንጆቹ ጸደይ (ከማርች እስከ ሜይ) ወዲህ ዲኢኤሱም ኢንዶሜታሲኑም እየቀነሱ ሄዱ። በመጨረሻዎቹ ባቾች ዲኢኤሱ ዜሮ ደረሰ።

ቁጥሩ እንዲህ ሲጻፍ ለአንባቢ ምንም አይናገርም። በየቀኑ በባንኮኒ የምንሠራውን ሒሳብ ልሥራው። አንዱ እንክብል 320 ሚሊግራም ነው። ዘጠኝ እንክብል በቀን ሲሆን ወደ 2.9 ግራም ዱቄት ይመጣል። ስለዚህ ሰውየው በቀን ከ0.3 እስከ 0.46 ሚሊግራም ዲኢኤስ፣ ወይም እንደ ባቹ ከ1 እስከ 1.6 ሚሊግራም ዋርፋሪን ይውጣል። ኢንዶሜታሲኑ ደግሞ ከ3 እስከ 38 ሚሊግራም ይደርሳል፤ እኛ ጋ ያለው አንድ እንክብል 25 ነው።

የዋርፋሪኑ መጠን ብቻውን ሲታይ ትንሽ ነው። ብዙ ሰው ከዚያ በላይ ይወስዳል። ግን አስቡት፤ ሰውየው በሐኪም ትእዛዝ ዋርፋሪን የሚወስድ የልብ ታማሚ ቢሆንስ? ልኩ ተስተካክሎለት፣ ሳያውቀው በላዩ ላይ ሌላ ዋርፋሪን እየጨመረ ነው። ኢንዶሜታሲን ደግሞ ጨጓራ ያደማል። ሁለቱን አንድ ላይ ለሰው ልስጥ ብል የሥራ ባልደረባዬ እጄን ይይዘኛል። ሰውየው ግን ደስ ብሎት «ቅጠል ነው እኮ» እያለ ነው የሚውጠው።

ምርመራው እንክብሉ ውስጥ ምን እንዳለ እንጂ ማን እንደጨመረው አይናገርም። ብዙዎች የጠረጠሩት አለ፦ ዲኢኤስ ደም ያረጋል፣ ዋርፋሪን ያቀጥናል፣ አንዱ የአንዱን ጉዳት ለመሸፈን ነው የገባው። ጊዜው ይገጥማል። ግን መግጠም ማረጋገጫ አይደለምና እኔም ጥርጣሬ ብዬ እተወዋለሁ።

ከዚህ በኋላ ወደ 1998ቱ ጥናት ተመለሱ። «ዲኢኤስ አይደለም» ተብሎ ነበር። በኋላ የተለኩት የዚያ ዘመን ባቾች ግን ዲኢኤስ አለባቸው። የኒው ጀርሲዎቹ አልዋሹም። የያዙትን ነው የመረመሩት። አንድ ጠርሙስ የመረመረ ሰው ስለዚያ ጠርሙስ ነው መናገር የሚችለው። ስለ እንክብሉ ለመናገር ግን እንክብሉ ትናንትም ዛሬም ነገም አንድ መሆን አለበት። ያ ደግሞ አልነበረም። ከ1999 በፊት የተመረተውን የወሰደ ሰውና በ2001 የተመረተውን የወሰደ ሰው በአንድ ስም የሚጠራ ሁለት የተለያየ መድኃኒት ነው የወሰዱት።

ግማሽ መንገድ የቀረው ሙከራ

የታሪኩ በጣም የሚያናድደኝ ክፍል ይኼ ነው።

ያ ሁሉ ከመታወቁ በፊት ሐኪሞች ትክክለኛውን ነገር ጀምረው ነበር። ሙከራው ሆርሞን ሕክምና አልበግር ያላቸውን ወንዶች በዕጣ ለሁለት ከፈለ። ግማሹ ፒሲ-ስፔስ ወሰደ፣ ግማሹ ዲኢኤስ በቀን 3 ሚሊግራም። ሐሳቡ ግልጽ ነው። ይኼ ቅጠል የተባለው ነገር ከድሮው ኤስትሮጅን ይሻላል ወይስ ያው ነው? በዕጣ መከፋፈሉ ወሳኝ ነው፤ አለዚያ ጠንካራው ሰው ራሱ የሚፈልገውን ይመርጥና ውጤቱን ያዛባዋል።

90 ሰዎች እንደገቡ የመበከሉ ዜና መጣ፤ ሙከራው ተዘጋ። የተሰበሰበው ውጤት በ2004 ታተመ። ፒሲ-ስፔስ ከወሰዱት 40 በመቶው ፒኤስኤያቸው በግማሽና ከዚያ በላይ ወረደ። ከዲኢኤሶቹ 24 በመቶው። ካንሰሩ እንደገና እስኪያንሰራራ የነበረው ጊዜ በአማካይ ሰው 5.5 ወር ከ2.9 ወር ነው።

አዎ። እንክብሉ አሸነፈ።

በሙከራው የተሰጡት ባቾች ሲመረመሩ ዲኢኤስ ተገኘባቸው፤ መጠኑ ግን ሌላው ቡድን ከሚወስደው ከ0.01 እስከ 3.1 በመቶ ብቻ ነው። ያ ትንሽ ነገር ብቻውን ይኼን ያህል ልዩነት ያመጣል ማለት ይከብዳል። ታዲያ ምን ሠራ? ከስምንቱ ዕፅዋት አንዱ? የሁለቱ ድምር? ሌላ ያልተጠረጠረ ነገር? ለመድገም ያው እንክብል ያስፈልጋል። ያው እንክብል ደግሞ የለም፤ እንዲያውም «ያው» የሚባል እንክብል ኖሮ አያውቅም። በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት ገንዘብ ይካሄዱ የነበሩ ሌሎች ጥናቶችም ቆሙ።

ይኼን ለባልደረቦቼ ስነግራቸው ግማሾቹ «አይ፣ ማጭበርበር ነው፣ አለቀ» ይላሉ። የቅጠል ወዳጆች ደግሞ «አየሽ፣ ይሠራ ነበር፣ ሆን ብለው አጠፉት» ይላሉ። ሁለቱም ወደሚፈልጉት ይጎትቱታል። የጠፋው ግን ማስረጃው ነው፤ ያጠፋው ደግሞ የእንክብሉ ይዘት በየባቹ መለዋወጡ ነው። 90 ታማሚዎች ጊዜያቸውን ሰጥተዋል። ለካንሰር ታማሚ ጊዜ ምን ማለት እንደሆነ ልንገራችሁ አልፈልግም።

ቅጠልን መጥላት አይደለም

ለልጆች የደም ካንሰር የሚሰጠው ቪንክሪስቲን ከማዳጋስካር አበባ የመጣ ነው። ለጡት ካንሰር የሚሰጠው ፓክሊታክሴል ከዛፍ ቅርፊት ተነሳ። የካንሰር ክፍል ውስጥ ገብቶ ቅጠልን መናቅ የሚችል ሰው የለም። ልዩነቱ እዚያ ጠርሙስ ውስጥ ያለው ስንት ሚሊግራም እንደሆነ ይታወቃል፤ ዛሬ የተሰጠውና የዛሬ ስድስት ወር የሚሰጠው አንድ ነው። ከዚያ በኋላ ነው ይሠራል አይሠራም የሚለው ወግ የሚጀመረው።

እንክብል ያልሆኑትን ጎን ለጎን የሚሰጡ ነገሮች መፈተን አንዳንዴ ይቀላል። አኩፓንክቸርን ውሰዱ፤ ቻይናዎቹ በቀጭን መርፌ የሚሠሩት። የጡት ካንሰር ያለባቸው ሴቶች ሆርሞን የሚቀንስ እንክብል ሲወስዱ መገጣጠሚያቸው ክፉኛ ያማቸዋል፤ ብዙዎቹ በዚህ ምክንያት መድኃኒቱን ያቆማሉ። በ2018 የወጣ ጥናት 226 ሴቶችን በዕጣ ለሦስት ከፈለ፦ እውነተኛ አኩፓንክቸር፣ የውሸት አኩፓንክቸር፣ እና ዝም ብሎ መጠበቅ። ከስድስት ሳምንት በኋላ እውነተኛውን ያገኙት ሕመማቸው ከሌሎቹ የበለጠ ቀነሰ። ልዩነቱ ከአሥር ነጥብ ላይ አንድ ነጥብ አካባቢ ነው። ተአምር አይደለም። ግን መርፌው ውስጥ ማንም ዋርፋሪን አልደበቀም። አንድ ነጥብ ከተባለ አንድ ነጥብ ነው። ካንሰሩን ይፈውሳል ያለም የለም፤ የተባለው ሕመም ያስታግሳል ነው።

ትልቁ አደጋ ሌላ ቦታ ነው ያለው። በዚያው ዓመት የየል ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች መደበኛ ሕክምና ወስደው በጎን ሌላ ነገር የጨመሩ 258 ታማሚዎችን እንዲህ ካላደረጉ 1,032 ጋር አስተያዩ። በጎን የጨመሩት የመሞት ዕድላቸው እጥፍ ሆኖ ተገኘ። ቅጠሉ ገድሏቸው ነው? አይመስልም። ሲታይ ከእነሱ መካከል 34 በመቶ የሚሆኑት የታዘዘላቸውን ኬሞ አንወስድም ብለዋል፤ ከሌሎቹ ግን 3 በመቶ ገደማ ናቸው። ጨረር እምቢ ያሉት 53 በመቶ ናቸው፣ ከሌሎቹ 2 በመቶ ገደማ። «ጎን ለጎን ነው» ተብሎ ይጀመራል፤ ቀስ ብሎ ዋናውን ያስወጣዋል።

ለዚህ ነው ሰው ጠርሙስ ይዞ ሲመጣብኝ ከመቆጣት የምቆጠበው። ከተቆጣሁ ጠርሙሱን አይጥለውም፤ እኔ ጋ መምጣቱን ነው የሚተወው። ጋሼም ለሐኪማቸው ያልነገሩት ቁጣ ፈርተው ነው።

ጠርሙሱን አገላብጬ አየሁት። ዝርዝሩ ላይ ከሶ ፓልሜቶ ሌላ ሰባት ስሞች አሉ፤ መጠናቸው ግን ተነጥሎ አልተጻፈም። «የራሳችን ቅመም፣ 600 ሚሊግራም» ብሎ በጅምላ አልፎታል። እንደዚያ ሲሆን ምን ከምን እንደሚጣላ ለመናገር የሚያስችል ነገር እጄ ላይ የለም፤ ይኼንኑ ነገርኳቸው።

«እንግዲህ ልጣላት?»

«ለአሁኑ አይጀምሯት ጋሼ። ሐሙስ ቀጠሮ አለኝ ብለዋል አይደል? ጠርሙሷን ይዘው ይሂዱ፣ ለሐኪሙ ያሳዩት። ፒኤስኤዎ ሲለካ ይቺን እየወሰዱ ከሆነ ቁጥሩን የሚያወርደው መርፌው ይሁን እሷ ትሁን እሱም አያውቅም።»

ይቺ መጨረሻ ያልኳት ነገር ገባቻቸው መሰለኝ። ጠርሙሱን አንስተው ራቅ አድርገው ያዩት ጀመር።

«ልጄ ስትደውል ምን ልበላት? ስንት ብር አውጥታበታለች እኮ።»

ለልጅትየዋ ምን እንደሚባል አብረን አሰብን። በስተመጨረሻ የባች ቁጥሩን ልጻፍላቸውና እሷ ለድርጅቱ ደውላ የምርመራ ወረቀቱን ትጠይቅ ተባባልን። ቁጥሩን ፈለግሁት። ከጠርሙሱ ታች በቀላል ቀለም ታትሞ ነበር። ኪሳቸው ውስጥ ሲፋተግ ከርሞ የመጨረሻዎቹ ሁለት አኃዞች ጠፍተዋል። የሚነበበውን በማዘዣ ወረቀት ጀርባ ጽፌ ሰጠኋቸው። ወረቀቱንም ጠርሙሱንም በዚያው ሶፍት ጠቅልለው ወደ ውስጥ ኪሳቸው መለሱና ጃንጥላቸውን ይዘው ወጡ።